ሳይወዛወዙ ወደ ላይ

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን ባልደረቦቼ ትንሽ ድግስ አድርገው ሸኙኝ። ጋቢ አለበሱኝ፤ ርእሰ መምህሩም ደህና ንግግር አደረገ። ምግቡ ሲነሳ በእኔ ቦታ የተተካው ወጣት የስፖርት መምህር አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠና፣ «እትዬ አስናቀች፣ በዚህ ሁሉ ዘመን ካስተማሩት ውስጥ አብልጠው የሚወዱት የቱን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሩጫ ወይም መረብ ኳስ እንድለው ጠብቆ ነበር መሰለኝ።

«አግዳሚ ብረት ላይ ተንጠልጥሎ ራስን ወደ ላይ መሳብ» አልኩት።

«ፑል አፕ?» አለና ከልቡ ሳቀ። አሮጊቷ ቀልድ ታውቃለች ብሎ ነው። እኔ ግን አልቀለድኩም። በዚያ ግርግር መሀል ላስረዳው ስላልቻልኩ እነሆ አሁን ቤቴ ቁጭ ብዬ እጽፈዋለሁ።

ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣሁ የተመደብኩት ዳባት ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው፤ አገሩ ሁሉ በስብሰባና በሰልፍ የተወጠረበት ጊዜ። እኔ የሠለጠንኩት አማርኛ ለማስተማር ነው። ርእሰ መምህሩ አቶ ፈንታሁን ግን ገና ቢሮው በር ላይ ስቆም ከእግር እስከ ራሴ አየኝና፣ «ቁመትሽ ጥሩ ነው። ሰውነት ማጎልመሻ ያዢ» አለኝ።

«እኔኮ የተማርኩት አማርኛ ነው።»

«አማርኛ የሚያስተምር ሞልቶኛል። ለሴቶቹ ልጆች ስፖርት የሚያስተምር ሰው ግን የለኝም። እኩል ይሳተፉ የሚል መመሪያ መጥቷል። ሂጂ፣ ባሻ ያሳዩሻል።»

ባሻ ውበቱ የትምህርት ቤቱ ነባር የስፖርት መምህር ነበሩ። በወጣትነታቸው ጦር ሠራዊት ውስጥ ስፖርት ያሠለጥኑ ነበር፤ ወደ ማስተማር የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። አጭር ናቸው፤ ደረታቸው ሰፊ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ። በጓሮ በኩል ከባሕር ዛፎቹ ሥር ሁለት የወይራ ቋሚ አስተክለው በላያቸው የብረት ቱቦ አጋድመዋል። የትምህርት ቤቱ የስፖርት መሣሪያ እሱና አንድ አየር የማይዝ ኳስ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ብረቱ ሥር አቆሙኝና፣ «ተንጠልጠይ» አሉኝ።

ዘልዬ ያዝኩት።

«በይ አሁን ወደ ላይ ሳቢ።»

ሳብኩ። ክንዴ እንኳን ሊታጠፍ አልንቀሳቀስም አለ። እግሬን አወናጨፍኩ፣ አገጬን ወደ ሰማይ ቀሰርኩ። ምንም። እጄ ከዳኝና ዱብ አልኩ። ከበው የሚያዩ ተማሪዎች ነበሩና ሳቁብኝ፤ እንባዬ መጣ። ባሻ አልሳቁም። ወደ ልጆቹ ዞረው፣ «አስተማሪያችሁ ዛሬ ጀመረች። እናንተም ከእሷ ጋር ትጀምራላችሁ፤ ተሰለፉ» አሏቸው።

ያን ጊዜ እንዴት እንደጠላኋቸው! አንድ ወር ሙሉ ከመንጠልጠል በቀር ምንም አላሠሩኝም። «መጀመሪያ ክብደትሽን እወቂው» ይሉኛል። ዝም ብዬ እንደ ታጠበ ልብስ እሰቀላለሁ። እሳቸው አጠገቤ ቆመው፣ «ትከሻሽን ከጆሮሽ አርቂ» ብቻ ይላሉ። እጄ ሳይታጠፍ ትከሻዬን ብቻ ወደ ታች መጫን ማለት ነው፤ ነገሩ ኢምንት ይመስላል፣ ጀርባዬ ግን ማታ ማታ ይቆጠቁጠኝ ነበር። ከዚያ ዝቅ ያለ ሌላ ዘንግ አሠሩና ከሥሩ በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ ተረከዜን መሬት ላይ ተክዬ፣ ደረቴን ወደ ዘንጉ እንድስብ አደረጉኝ። ቀጥለው የምቆምበት ዱካ አመጡና ከላይ አስጀመሩኝ። አገጬን ከብረቱ በላይ አድርጌ እንድይዝ ካደረጉ በኋላ ዱካውን ያነሱታል፤ እኔ ቀስ እያልኩ መውረድ ነው። «ባልዲ ወደ ጉድጓድ ሲወርድ አይተሽ የለም? ገመዱን ድንገት የሚለቅ ሰው ባልዲውን ይሰብራል።» መውጣት ያቃተው ሰው መውረድን መማር እንደሚችል፣ መውረድ የቻለም አንድ ቀን እንደሚወጣ የተማርኩት በዚያ ዱካ ነው።

ባሻ ልማዳቸው ብዙ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከማንም ቀድመው ይመጡና የብረቱን ጤዛ በአሮጌ የጋቢ ቁራጭ ያደርቁታል። ከዚያ ራሳቸው ተንጠልጥለው ቋሚዎቹ አለመነቃነቃቸውን ያያሉ። የተማሪውን መዳፍ አንድ በአንድ ገልጠው ይመለከታሉ፤ የተላጠ ካለ ያን ቀን ብረት አይነካም፣ ይሮጣል። በሲጋራ ቆርቆሮ የተነፋ አመድ ይይዛሉ፤ እጁ የሚያልበው ልጅ ከዚያ ቆንጠር ያደርጋል። አያያዙን ይለዋውጡልናል። መዳፍ ወደ ራስ ሲዞር ክንድም ያግዛልና ይቀላል፤ መዳፍ ወደ ውጭ ሲዞር ሥራው የጀርባ ይሆናል፤ እጅ ለእጅ ተራርቆ ሲያዝ ደግሞ የባሰ ይከብዳል። «በአንድ አያያዝ ብቻ የሚወጣ ሰው ብረት አያውቅም» ይላሉ። ቁጥር ሲቆጥሩ ደግሞ እግሩን እያወናጨፈ፣ እየተወዛወዘ የወጣውን ልጅ አይቆጥሩለትም። አይቆጡትምም። «አላየሁም» ይላሉ ብቻ።

የወገራ ገብስ ማሸት ሲጀምር፣ አንድ ጠዋት፣ ያለ ዱካ ወጣሁ። አገጬ ብረቱን ሲያልፍ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ማንም አልነበረም፤ ባሻና እኔ ብቻ። ቀስ ብዬ ወረድኩ። «ነገ ደግሞ» አሉና ጨርቃቸውን ይዘው ሄዱ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ደባርቅ ተዛወርኩ። ደመወዜ ትንሽ ከፍ አለ፤ ብርዱ ብዙ ከፍ አለ። እዚያ የነበረው ርእሰ መምህር ሰልፍ ወዳድ ነበር። ስፖርት ማለት ለእሱ ተማሪ በመስመር እግሩን እያነሳ መሬት ሲረግጥ ማየት ነው። አግዳሚ ብረት እንዲተከል ስለምነው ከረምኩና በመጨረሻ፣ «በራስሽ ካመጣሽው ትከይ» አለኝ። ከጋራዥ የተጣለ ቱቦ ለመንኩ፤ ቋሚውን የተማሪ ወላጆች አመጡልኝ። ብረቱ ቆመ። አሁን ደግሞ የሴቶቹ ነገር መጣ። በቀሚስ አይንጠለጠሉ ነገር፣ ሱሪ አይለብሱ ነገር። አንዷ እናት ትምህርት ቤቱ በር ድረስ መጥታ፣ «ልጄን እንደ በግ ልትሰቅያት ነው ወይ?» ብላ ጮኸችብኝ። ከልብስ ሰፊ ጋር ተነጋግሬ ከቀሚሱ ሥር የሚለበስ ሰፊ የካኪ ሱሪ አሰፋንና ነገሩ ረገበ።

ከሴቶቹ መካከል ብርቱካን የምትባል ነበረች። አባቷ ቡይት ራስ በኩል የፓርክ ጠባቂ ነው፤ እሷ ደባርቅ ከአክስቷ ዘንድ ተቀምጣ ትማራለች። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ግን ብረት ከያዘች የማትለቅ ልጅ ነበረች። ከእሷ ጋር እናትነሽና አበባ የሚባሉ ሁለት ብርቱዎች ነበሩኝ። ጎንደር ላይ የትምህርት ቤቶች ውድድር ሊደረግ ነው፣ ሴቶችም በአግዳሚ ብረት ይወዳደራሉ ሲባል ደስታዬን አልቻልኩትም። ጊዜው ግን አጭር ነበር። ልጆቼ በንጹሕ አወጣጥ የሚወጡት ጥቂት ነው። እግራቸውን ወደ ኋላ ወርውረው በዚያው ኃይል ወደ ላይ ሲፈናጠሩ ግን ቁጥሩ እጥፍ ይሆናል። ቁጥሩ አማለለኝ። እንዲያ አድርጌ አዘጋጀኋቸው፤ ትምህርት ቤቱም አጨበጨበልን።

ጎንደር ስንደርስ ዳኛው ፊሽካውን አንጠልጥሎ ብረቱ ፊት ቆመ። ብርቱካን ተንጠለጠለች። ዳኛው ክንዱን ዘርግቶ ከቅልጥሟ ፊት ያዘ። እግሯን ወርውራ ወጣች፤ እግሯ ክንዱን መታው።

«አልተቆጠረም።»

ገና አልገባትም። ደገመች።

«አልተቆጠረም።»

ደጋገመች። መዳፏ እስኪከፈት ድረስ እንዲያ ስትወጣና ስትወርድ ዳኛው ያንኑ ቃል ይላል። ተመልካቹ መጀመሪያ አጨበጨበ፣ ከዚያ ሳቀ፣ በኋላ ዝም አለ። እናትነሽም አበባም እንዲሁ ሆኑ። ከሁሉ ትምህርት ቤት አንድም ያልተቆጠረልን እኛ ብቻ ነበርን።

ስንመለስ አውቶቡሱ አምባ ጊዮርጊስን አለፈ። ከዚያ ብርቱካን የተላጠ መዳፏን እያየች፣ «ቲቸር፣ አገጬ አልፏል እኮ» አለችኝ።

«አልፏል።»

«ታዲያ ለምን አልተቆጠረም?»

በማግስቱ ቅዳሜ ወደ ዳባት ወረድኩና ባሻ ቤት ሄድኩ። በረንዳቸው ላይ ቁጭ ብለው ጫማ ያጸዳሉ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። «ዳኛው ጨከነብን» አልኩ በመጨረሻ።

«ዳኛው ሥራውን ነው የሠራ» አሉኝ ረጋ ብለው።

«ባሻ፣ አንቱም?»

«ስሚኝ ልጄ። ወታደር ሳለሁ በገደል ላይ ገመድ ዘርግተን በአንድ ገመድ ብዙ ሰው እናሳልፍ ነበር። የሚወዛወዘው ሰው ራሱ ይወጣል፤ ብርቱ ነው። የሚወድቀው ከሱ በታች ያለው ነው። እኔ ጉልበትን የምቆጥር ይመስልሻል? እኔ የምቆጥር ጉልበቱን የሚገዛውን ነው።» ጫማቸውን አስቀምጠው አዩኝ። «ልጆቹ አልጠፉም። ከመንጠልጠል ጀምሪያቸው።»

ሰኞ ዕለት ለልጆቹ እንደ አዲስ እንጀምራለን ስላቸው አኮረፉኝ። አንዳንዶቹ እስከ ወዲያኛው ቀሩ። ሦስቱ ግን መጡ። መንጠልጠል፣ ትከሻ መጫን፣ ተንጋሎ መሳብ፣ ከላይ መውረድ። ራሴም አብሬያቸው እሠራለሁ። ክረምቱ ሲቃረብ ብርቱካን ወደ ላይ ስትወጣ ከሥሯ ብርጭቆ ውኃ ብታስቀምጥ የምትነካው አይመስልም ነበር።

በዚያ ክረምት ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወደ ቆላው ተመደብን። እኔ አስተባባሪ ሆኜ ሦስቱን ልጆች ይዤ እህል ወደ ታች በሚያወርድ የጭነት መኪና ላይ ወጣን። ከከረጢቶቹ ላይ ከእኛ ሌላ አንድ ወደ ክፍሉ የሚመለስ ወታደር፣ አንድ ሽማግሌ ገበሬ፣ እንዲሁም የእህሉ ባለቤት እትዬ ሙሉ ነበሩ። እትዬ ሙሉ በደባርቅ ገበያ የታወቁ ነጋዴ ናቸው፤ ግዙፍ ሴት፣ ከገበያው ጫፍ የሚሰማ ድምፅ ያላቸው።

ሊማሊሞን ስንወርድ ጉም ነበር፤ መንገዱ ጭቃ። አንዱ ጠመዝማዛ ላይ የመኪናዋ የኋላ እግር ተንሸራተተና ከመንገዱ ወጣ። ሆዷ አለት ላይ ተቀመጠ፤ መኪናዋ በጎኗ ወደ ገደሉ ዘመመች። ከረጢቱ ሁሉ ወደ ታችኛው ጎን ተንሸራተተ፣ እኛም አብረን። ቀና ስንል የላይኛው ሳንቃ፣ በመንገዱ በኩል ያለው፣ ከራሳችን በላይ ሆኗል። ጫፉ ላይ ሸራ የሚታሰርበት ብረት አለ። ሳንቃው ዝናብ የነካው፣ ልስልስ ያለ፣ እግር የሚያስይዝ የለውም።

ሾፌሩና ረዳቱ ከጋቢናው ወጥተው በመንገዱ በኩል ያለው መርገጫ ላይ ተሰቅለዋል። በክብደታቸው መኪናዋን ወደ መንገዱ መጫናቸው ነው። «አትንቀሳቀሱ!» ብሎ ጮኸ ሾፌሩ። «እኛ ከለቀቅን ትሄዳለች! መጥተን ልንጎትታችሁ አንችልም! ቀስ ብላችሁ በራሳችሁ ውጡ!»

ወታደሩ ብድግ አለ። ዘሎ ብረቱን ያዘና እግሩን ወደ ጎን ወርውሮ ሳንቃው ላይ ሊያንጠላጥል ሞከረ። መኪናዋ ሲጥ አለችና ዝቅ አለች። አንድ ከረጢት በታችኛው ጎን አልፎ ሄደ። ሲያርፍ አልሰማነውም። ወታደሩ ብረቱን ለቆ ተቀመጠ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። እትዬ ሙሉ፣ «እመቤቴ ድረሽ!» ብለው ጮኹ።

ያኔ ነገሩ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ጉልበት አይደለም የጎደለን። መኪናዋ የማትወደው መወዛወዝ ነው።

«ማንም አይዝለል» አልኩ። «ብርቱካን፣ ነይ።»

መጣች። መዳፏን ከቀሚሷ ሥር በደረቀው ሱሪዋ ጠረግኩላት። «ዳኛው ፊትሽ ቆሟል» አልኳት ቀስ ብዬ። «እግርሽን ከነካው አይቆጠርም።»

አየችኝ። ጭንቅላቷን ነቀነቀች። እግሯን በእጄ ተቀብዬ ቀስ አድርጌ አነሳኋት፤ ብረቱን ያዘች። ተንጠለጠለች። ሰውነቷ ጸጥ እስኪል ጠበቀች። ከዚያ ትከሻዋ ወረደ፣ ክርኗ ታጠፈ፣ ልጅቷ ወደ ላይ መሄድ ጀመረች። አገጯ አለፈ፣ ደረቷ አለፈ፣ በሆዷ ተኝታ ብረቱን ተሻገረችና መንገዱ ላይ ወረደች። መኪናዋ ድምፅ አላሰማችም። ብርቱካንም መርገጫው ላይ ከሾፌሩ አጠገብ ተሰቀለች። ክብደት ጨመረችልን ማለት ነው።

እናትነሽ ተከተለች፣ ቀጥሎ አበባ። ወታደሩ ዓይኑን ሳይነቅል ያያቸው ነበር። ተራው ሲደርስ እንደነሱ አደረገ፤ በዝምታ፣ ቀስ ብሎ። አሁን ከውጭ ሰው በዛልን። መርገጫውን ለቀሩት አራቱ ትተው ወታደሩና ብርቱካን ከሳንቃው በላይ እጃቸውን ሰደዱ። ሽማግሌውን ከታች እኔ ደግፌ ከላይ እነሱ ተቀበሏቸው። ቀጭን ነበሩና አላስቸገሩንም።

እትዬ ሙሉ ቀሩ። «እኔን ተዉኝ» አሉ። «እኔን የሚያነሳ ሰው አልተወለደም።»

«እትዬ ሙሉ፣ ዝም ብለው ይንጠልጠሉ። እግርዎን አያንቀሳቅሱ። ክርንዎን ወደ ወገብዎ ይጫኑት።»

«ክርኔ የት እንዳለ መቼ አወቅሁት!»

በዚያ ጭንቅ መሀል ሳቄ መጣ። እግራቸውን በትከሻዬ ተሸከምኩ፤ ትከሻዬ የተሰበረ መሰለኝ። ከላይ ወታደሩና ልጆቹ ክንዳቸውን ያዙ። እንደ ምንም ወጡ። ከዚያ እዚያ ውስጥ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። የሚያነሳኝ የለም፤ መዝለል አልችልም። ከረጢቱ ላይ በእግሬ ጣት ቆሜ ተንጠራራሁና የጣቶቼ ጫፍ ብረቱን አገኘው። ብረቱ ቀዝቃዛ ነበር። መዳፌ ወደ ውጭ ነው፣ የከባዱ አያያዝ። ጸጥ እስክል ጠበቅሁ። ጉም ብቻ ነው የሚታየኝ። ከዚያ ሳብኩ። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀስ ብዬ ወጥቼ አላውቅም።

መንገዱ ላይ ስወድቅ ሾፌሩ፣ «ልቀቁ!» አለ፤ ሁሉም ዘለው ራቁ። መኪናዋ ትሄዳለች ብለን ዓይናችንን ጨፈንን። መኪናዋ ግን አልሄደችም። እዚያው አለቷ ላይ እንደ ዘመመች ቀረች፤ በማግስቱ ሌላ መኪና ጎትቶ አወጣት። ሽማግሌው መሬቱን ተሳለሙ። ልጆቹ ተቃቅፈው አለቀሱ፣ ከዚያ ሳቁ፣ ከዚያም መጽሐፋችን መኪናዋ ላይ እንደቀረ አስታወሱ። ወደ ቆላው በእግራችን ወረድን።

ከዘመቻው ስመለስ ለባሻ ውበቱ ነገርኳቸው። አዳመጡና፣ «እጃችሁ እርጥብ አልነበረም?» ብለው ጠየቁኝ። አደረቅነው አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ያ ከእሳቸው የሚገኝ ትልቁ ምስጋና ነበር። ብርቱካን በኋላ ጎንደር ሄዳ ተወዳደረች፤ ሁለተኛ ወጣች። እሷም መምህርት ሆነች፤ ዛሬም ትጠይቀኛለች።

እኔን ግን ከሁሉ የሚያስደስተኝ የእትዬ ሙሉ ነገር ነው። ትምህርት እንደተከፈተ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ልጆቹን ሳሠራ ሁለት የገበያ ጓደኞቻቸውን አስከትለው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሸርጠው መጡ። ልጆቹ መሳቅ ሲጀምሩ አንድ ጊዜ ዞር ብለው አዩዋቸው፤ ሳቁ ቆመ።

«መምህርት፣ እኔንም አስተምሪኝ» አሉ።

«እትዬ ሙሉ፣ አንቱ ደግሞ ምን ያደርግልዎታል?»

«ያን ቀን ሰው እንደ ጆንያ ጎትቶ አወጣኝ። ነፍሴን አተረፋችሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ። መጎተቱን ግን አልወደድሁትም። ቢቸግረኝ ዳግመኛ በራሴ ነው የምወጣ።»

ርእሰ መምህሩ ሰምቶ ተደናገጠ። የሴቶች ማኅበር እንቅስቃሴ ነው ስለው ግን ደስ አለውና በሪፖርቱ ውስጥ አስገባው። ሴቶቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ሲበተን ይመጣሉ። እትዬ ሙሉ ከዝቅተኛው ዘንግ ጀመሩ። እያማረሩ፣ ብረቱን እየረገሙ፣ እኔንም እየረገሙ ተንጋለው ይስባሉ። ከዚያ ዱካ ላይ ቆመው ይወርዳሉ። በጋ አለፈ፣ ክረምት አለፈ። ጓደኞቻቸው ሰልችቷቸው ቀሩ፤ እሳቸው አልቀሩም። ሰውነታቸው ብዙም አልቀነሰ፤ ጀርባቸው ግን እንደ ሳንቃ ሆነ።

አንድ ቅዳሜ እጃቸውን አመድ ነክተው ያዙ። ተንጠለጠሉ። ጸጥ አሉ። ከዚያ ያ ሁሉ አካል መነሳት ጀመረ። መሃል ላይ ቆመ፤ ፊታቸው ቀላ። ክርናቸውን ወደ ወገባቸው ጫኑና ቀጠሉ። አገጫቸው ብረቱን አለፈ። እንዲወርዱ ብጠብቅ አልወረዱም። ከአጥሩ በላይ አሻግረው ያያሉ።

«እትዬ ሙሉ፣ ምነው?»

«ዝም በይ እስቲ!» አሉኝ ከላይ። «ገበያው ሁሉ ከዚህ ይታያል እኮ!»